ሽልን በቅዝቃዜ ማቆየት ከአብደራፊ ሲመዘን

በ2011 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከሉን በአዲስ አበባ ሲከፍት፣ የሴትን እንቁላልና የወንድን ዘር ከማህፀን ውጭ አዋሕዶ ወደ ማህፀን የመመለስ ሕክምና በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ አገኘ። ከዚያ በፊት ለአብዛኞቹ ባለትዳሮች ይሰጥ የነበረው ምክር «አቅም ካላችሁ ወደ ውጭ አገር ሂዱ» የሚል ነበር። ስለ ማዕከሉ መከፈት ብዙ ተነግሯል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚመጣውንና እኛ ባለሙያዎቹ እምብዛም ያልተነጋገርንበትን አንድ ተግባር ነው። ይኸውም በአንድ ዙር ሕክምና ከተገኙት ሽሎች መካከል ለጊዜው የማይፈለጉትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሁሉንም፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጦ ለወደፊት እርግዝና ማቆየት ነው።

ትችቴ በዘዴው ላይ አይደለም። ዘዴው ከአርባ ዓመት በላይ ተፈትኗል። የምተቸው ስለ ዘዴው የተጻፈውን ማስረጃ የምናነብበትን መንገድ ነው። በቻይና፣ በቬትናምና በእንግሊዝ ትላልቅ ከተሞች የተሠሩ ጥናቶችን ውጤት እንዳለ ተቀብለን ለገጠር ታካሚ ስናስተላልፍ አንድ ነገር ይጎድላል። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት መመዘኛ ያደረግሁት በምዕራብ ጎንደር ዞን በምዕራብ አርማጭሆ የምትገኘውን አብደራፊን ነው።

አብደራፊን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ስሟን ሲሰማ ትዝ የሚለው ካላዛር፣ የእባብ ንክሻና ወባ ነው። በሰሊጥና በጥጥ እርሻ ወቅት ከደጋው የሚወርደው ወጣት የጉልበት ሠራተኛ ቁጥር ከነዋሪው ጋር የሚወዳደርባት የቆላ ከተማ ናት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የካላዛርና የእባብ ንክሻ ሕክምና የሰጡባት፣ ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. አንድ ላይ ለያዛቸው ሕሙማን በአምቢዞምና በሚልቴፎሲን ጥምረት የተደረገው ጥናት ከጎንደር ጋር የተካሄደባት ስፍራ ናት። የዚያ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው መመሪያ ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል። እንግዲህ ከአብደራፊ የወጣ ማስረጃ የዓለምን አሠራር መለወጥ ከቻለ፣ ከዓለም የሚመጣልን ማስረጃም በአብደራፊ ሚዛን ላይ ቢወጣ ድፍረት አይሆንም።

ስለ ዘዴው አመጣጥ በአጭሩ ላስታውስ። ከማህፀን ውጭ በተደረገ ውሕደት የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በቅዝቃዜ ቆይቶ ከቀለጠ ሽል የተገኘው የመጀመሪያ እርግዝና እ.ኤ.አ. በ1983 ከሜልበርን ተዘገበ፤ የመጀመሪያዋም ሕፃን በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ተወለደች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽሉ በዝግታ፣ በደቂቃ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ነበር። ችግሩ በሕዋሱ ውስጥ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት ነበር፤ እንደ መርፌ ሕዋሱን ይወጋዋል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ውኃው ወደ በረዶነት ለመለወጥ ጊዜ እንዳያገኝ ሽሉን በከፍተኛ መጠን በተዘጋጀ መከላከያ ፈሳሽ ነክሮ በቅጽበት ወደ ናይትሮጅን ማስገባት ነው። ውኃው ሳይረጋ እንደ መስታወት ይጠጥራል። በዚህ መንገድ ከተቀመጡት የአምስተኛ ቀን ሽሎች ውስጥ በጥሩ ቤተ ሙከራ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ሲቀልጡ በሕይወት ይገኛሉ። የእርግዝና ዕድሉንም በአብዛኛው የሚወስነው እንቁላሉ በተወሰደበት ጊዜ የነበረው የሴቲቱ ዕድሜ ነው፤ በ30 ዓመቷ ያስቀመጠችው ሽል በ36 ዓመቷ ቢመለስላትም የ30 ዓመት ሽል ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ የቴክኒክ ስኬት «ሽሉን ወዲያው ከመመለስ ይልቅ ሁሉንም አስቀምጦ በሌላ ወር መመለስ ይሻላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አስነሣ። አራት ትላልቅ ጥናቶች እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና በ14 ማዕከላት፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በሚባለው ችግር የተያዙ 1508 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ሽላቸው ከተቀመጠ በኋላ ከተመለሰላቸው ከመቶ 49.3፣ ወዲያው ከተመለሰላቸው ደግሞ ከመቶ 42.0 የሚሆኑት ሕያው ልጅ ወለዱ። በ2018 በዚያው አገር እንቁላላቸው በወቅቱ በሚወጣ 2157 ሴቶች ላይ በተሠራው ጥናት ግን ልዩነት አልተገኘም፤ 48.7 እና 50.2 ነበር። በዚያው ዓመት በሆ ቺ ሚን ከተማ 782 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናትም እርግዝናቸው የቀጠለው 36.3 እና 34.5 ሆኖ፣ ልዩነት እንደሌለ አረጋገጠ። በ2022 የወጣው የእንግሊዙ ጥናት ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያዘነበለ መስሎ ታየ፤ ጤናማ ልጅ ያገኙት ካስቀመጡት 20.3፣ ካላስቀመጡት 24.4 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ የጸና አልነበረም። በመካከል በ2019 ከቻይና የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ አንድ የአምስተኛ ቀን ሽል ብቻ ሲመለስ ቆይቶ የተመለሰው 50 በመቶ፣ ወዲያው የተመለሰው 40 በመቶ ልደት አስገኝቷል።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያነብ ሰው «ለአንዳንዶች ይጠቅማል፣ ለሌሎች እኩል ነው» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ብዙዎቹ ግምገማዎችም እዚያው ያቆማሉ። እኔ ግን ከልደት ቁጥሩ በታች የተጻፉት ሁለት መስመሮች ከልደት ቁጥሩ ይልቅ ለቆላው ሐኪም የሚናገሩ ይመስለኛል። በ2016ቱ ጥናት በመድኃኒት የተነቃቃው ኦቫሪ ከልክ በላይ አብጦ ፈሳሽ በሆድ ዕቃ የሚያጠራቅምበት ሕመም ሽላቸውን ባስቀመጡት ላይ 1.3 በመቶ፣ ወዲያው በተመለሰላቸው ላይ 7.1 በመቶ ታየ። በእርግዝና ላይ የሚከሰተው የደም ግፊትና የፕሮቲን መፍሰስ፣ ማለትም ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ደግሞ ባስቀመጡት ላይ 4.4፣ ባላስቀመጡት ላይ 1.4 በመቶ ሆነ። በ2019ኙ ጥናትም ይኸው አቅጣጫ ተደገመ፤ 3.1 እና 1.0።

ጥናቶቹ የተሠሩበት ከተማ ውስጥ ሁለቱም አደጋዎች በአንድ ሆስፒታል ግቢ ይስተናገዳሉ። ከአብደራፊ ሲታዩ ግን ሁለቱ አደጋዎች በተለያየ ቦታና ጊዜ ይደርሳሉ። የኦቫሪ እብጠቱ የሚመጣው እንቁላሉ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ቀናት፣ እርግዝና ከተገኘም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እየባሰ ነው። ያኔ ሴቲቱ ገንዘቧ አልቆ አዲስ አበባን ለቅቃ መንገድ ላይ ወይም ቤቷ ልትሆን ትችላለች። ሆዷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ሽንቷ ቀንሶ ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ በዚያ አገር ያበጠ ሆድ ያየ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው ካላዛርን ነው። ስህተት ነው ልለው አልችልም፤ በዚያ አካባቢ ትክክለኛው ጥርጣሬ እሱ ነውና። ነገር ግን በተሳሳተ ግምት ፈሳሽ የሚያሸና መድኃኒት ቢሰጣት፣ ቀድሞውኑ ከደም ሥሯ ውኃ ሸሽቶባታልና የደም መርጋት ሊያስከትልባት ይችላል። ስለዚህ ሽሉን ሁሉ አስቀምጦ፣ ኦቫሪው እስኪያርፍ ቆይቶ መመለስ ለገጠር ሴት ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ የደኅንነት ጥቅም ነው። አንድ ሽል ብቻ እየመለሱ መንታና ሦስት እርግዝናን ማስቀረትም እንዲሁ፤ ሌሎቹ ተቀማጭ ስለሚሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የማስገባት ፈተና ይቀንሳል። የመንታ ምጥ በአብደራፊ ምን ማለት እንደሆነ ለአዋላጅ መንገር አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ፕሪኤክላምፕሲያው የሚደርሰው ከአምስተኛው ወር በኋላ፣ ሴቲቱ ሙሉ በሙሉ በአካባቢዋ ጤና ተቋም እጅ ላይ ስትሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ምርጫ የሚያስከትለውን አደጋ የምትቀበለው የደም ግፊት መለኪያና ማግኒዚየም ሰልፌት የያዘችው አዋላጅ ናት። ጥናቶቹ ይህን የኃላፊነት ዝውውር አይመዝኑም፤ አልተጠየቁምና። እኛ ግን ልንጠይቅ ይገባናል። ከተቀመጠ ሽል የተገኘ እርግዝና መሆኑ በእናቲቱ የክትትል ካርድ ላይ ካልተጻፈ፣ አዋላጇ ይህን እርግዝና ከሌላው ለይታ የምታይበት ምክንያት የላትም። ከተጻፈም የታካሚዋ ምሥጢር በትንሽ ከተማ ውስጥ ይወጣል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በእኔ ግምት ቢያንስ ሴቲቱ ራሷ አደጋውን አውቃ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲመጣ ለማን እንደምትናገር አስቀድማ እንድትወስን መደረግ አለበት።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ አለ። የተቀመጠ ሽል ወደ ማህፀን የሚመለሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሴቲቱን የተፈጥሮ ወር ተከትሎ፣ እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ነው። ሁለተኛው ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በመስጠት ማህፀኑን በመድኃኒት ብቻ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ለቀጠሮ ስለሚመች በብዙ ማዕከላት ይመረጣል። በተፈጥሮው ወር እንቁላል የወጣችበት ቦታ ቢጫ አካል የሚባለውን ዕጢ ስለሚፈጥር ሰውነቷ የራሱን ፕሮጄስትሮን ያመርታል። በመድኃኒቱ መንገድ ግን ይህ ዕጢ የለም። የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ፣ ማለትም እስከ አሥረኛው ሳምንት አካባቢ፣ እርግዝናውን ይዞ የሚያቆየው ሴቲቱ በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት ብቻ ነው። የፕሪኤክላምፕሲያው መብዛትም ከዚሁ ዕጢ መጉደል ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ።

እንግዲህ አንዲት ሴት ሽሏ በመድኃኒቱ መንገድ ተመልሶላት ወደ አብደራፊ ሄደች እንበል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከጎንደር ወደ ቆላው የሚወርደው ደግሞ ሌላ ነው። የያዘችው መድኃኒት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ነው፤ እርግዝናው ሲረጋገጥ ተጨማሪ ትወስዳለች ተብሏል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በረራ፣ ትራንስፖርትና ኢንተርኔት እንዴት እንደተቋረጡ የምናውቀው ነው። ወደ ማህፀን በር የሚገቡት የፕሮጄስትሮን ፍሬዎች ደግሞ በሰውነት ሙቀት እንዲቀልጡ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማና የአርማጭሆ ቆላ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ቤት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ፍሬ ከፓኮው ሳይወጣ ቀልጦ ይገኛል። ስለዚህ በናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ያልተነካው ሽል፣ ወደ ማህፀን ከተመለሰ በኋላ በአንድ ፓኮ መድኃኒት መቅለጥ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። የቅዝቃዜው ሰንሰለት በአዲስ አበባ ማዕከል በር ላይ ያበቃ ይመስለን ነበር፤ እስከ አብደራፊ ጓዳ ድረስ ይደርሳል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ሐሳብ ግልጽ ይመስለኛል። ወሯ በወቅቱ ለሚመጣ የገጠር ሴት ሽሉ በተፈጥሮ ወሯ እንዲመለስ ማስቀደም ይገባል። ለዚህ በአዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ተጨማሪ መቆየት ያስፈልጋታል፤ ወጪ ነው፤ ነገር ግን የአሥር ሳምንት መድኃኒት ከመሸከም ይቀላል። ወሯ የማይስተካከልና የመድኃኒቱ መንገድ ግድ የሆነባት ሴት ደግሞ የሙሉውን ጊዜ መድኃኒት፣ ሙቀት የማይጎዳውን ዓይነት፣ ከማዕከሉ ይዛ መውጣት አለባት። በጡንቻ የሚወጋው በዘይት የተዘጋጀ ፕሮጄስትሮን አንዱ አማራጭ ነው፤ መርፌ መውጋት የማይችል ጤና ጣቢያ የለምና። «ሲያልቅብሽ ተመለሽ» የሚለው ትእዛዝ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የተጻፈ ነው።

ወደ ማከማቻው ልመለስ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የተሻሻሉ ኮርማዎች ዘር ለብዙ አሥርት ዓመታት በቃሊቲ ከሚገኘው ማዕከል በናይትሮጅን ዕቃ ተጭኖ ወደ ገጠር ሲጓዝ ኖሯል። የእንስሳት አዳቃይ ባለሙያዎችም ለዓመታት ሲያሰሙት የኖሩት ቅሬታ አንድ ነው፤ ናይትሮጅን በወቅቱ አይደርስም። ናይትሮጅን በየቀኑ ይተናል፤ ካልተሞላ ይጎድላል። የኮርማ ዘር ቢበላሽ ሌላ ይታዘዛል። የባልና ሚስት ሽል ግን መተኪያ የለውም። የአቅርቦቱ ጉዳይ ለድሃ አገር ብቻ የሚነሣም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአንድ ሳምንት መጨረሻ በአሜሪካ በክሊቭላንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በሳን ፍራንሲስኮ የግል ማዕከል ሁለት ማጠራቀሚያዎች ተበላሽተው በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ሽሎች ጠፍተዋል። በክሊቭላንዱ የርቀት ማንቂያው ተዘግቶ እንደነበር ሆስፒታሉ ራሱ አምኗል። እንግዲህ የትኛውም ማዕከል የማስቀመጥ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ የናይትሮጅኑ ምንጭ ስንት ነው፣ ሌሊት ደወሉን የሚሰማው ማን ነው የሚል ነው። የባለሙያው ብቃት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለቆላው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከለንደን በወጣ ዘገባ፣ በአንድ የናይትሮጅን ማጠራቀሚያ ውስጥ የተቀመጠ የመቅኒ ከረጢት ፈስሶ የጉበት ቫይረስ ቢ ወደ ሌሎች ሕሙማን መተላለፉ ታውቋል። ቫይረሱ በዚያ ቅዝቃዜ አይሞትም። የጉበት ቫይረስ ቢና ኤች.አይ.ቪ. በሚገኝበት አገር ሁሉ ቀድሞ መመርመር፣ የተለየ ማጠራቀሚያና የተዘጋ ዕቃ ያስፈልጋል። አለዚያ ውጤቱ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸውን ባለትዳሮች «ቦታ የለንም» ብሎ መመለስ ይሆናል። እነሱ ደግሞ ከማንም በላይ በሕክምና የተጠበቀ እርግዝና የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ካላዛርን በተመለከተ አንድ ነጥብ በቶሎ ልበል፤ ግራ መጋባት ሊፈጠር ይችላልና። ሚልቴፎሲን ፅንስን እንደሚጎዳ በእንስሳት ላይ ታይቷል። በዚህ ምክንያት የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ታካሚ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለወራት አስተማማኝ መከላከያ ትወስዳለች። ይህ ግን እንደ ካንሰር መድኃኒት የእንቁላል ክምችትን ስለሚያጠፋ አይደለም። ስለዚህ የካላዛር ታካሚን «ሽል አስቀምጪ» ብሎ ማመላለስ አያስፈልግም። ማስቀመጥ የሚታሰበው እንደ ኬሞቴራፒ ያለ ኦቫሪን የሚጎዳ ሕክምና ሲመጣ ነው፤ እሱም ሁለት ሳምንት ያህል የማነቃቂያ ጊዜ ይፈልጋል፣ የባል ዘርም ይፈልጋል። ላላገባች ሴት የሚቀመጠው እንቁላል ነው እንጂ ሽል አይደለም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ገና አልረጋም፤ አለመርጋቱም በታካሚ ላይ ይወድቃል። «ፅንስ» የሚለው ቃል ከውሕደቱ ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ወር ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በሕዝቡ ጆሮ ደግሞ አዘውትሮ የሚሰማው «ማስወረድ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ነው። በስምምነት ቅጽ ላይ «የማይፈለግ ፅንስ ይወገዳል» ብለን ብንጽፍ፣ ያነበበችው ሴት በዓይን የማይታይ፣ መቶ ያህል ሕዋስ ያለው ነገር አይታያትም፤ የምታየው ሕፃን ነው። እኔ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ላለው «ሽል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም የተጠቀምኩት ለዚህ ነው። ቃሉ ሸክሙን ሁሉ ያቃልላል ማለቴ አይደለም፤ ሽልም ቢሆን ለአንዳንዱ ሰው ነፍስ ነው፤ ያን የመወሰን ሥልጣን ግን የቅጹ ጸሐፊ ሊወስድበት አይገባም። «ማቀዝቀዝ» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉ የተማረችው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት፣ አንዳንዱ በረዶ ከሆነ መጣል እንዳለበት ነው። ለእሷ በረዶ መሆን መበላሸት ነው። «ሽልሽን በረዶ እናደርገዋለን» ሲባል የምትሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኔ እምነት «በናይትሮጅን ማቆየት» ቢባል ለማስረዳትም ለመጠየቅም ይመቻል።

የሕጉ ጉዳይ ከቃላቱ ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከመወለዱ እስከ መሞቱ ድረስ የሕግ መብት እንዳለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይደነግጋል። ሁለተኛው አንቀጽ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሕያው ሆኖ ለመኖር የሚችል ከሆነ፣ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ ልጁ የተፀነሰው ከመወለዱ በፊት ባለው በሦስት መቶኛው ቀን እንደሆነ ይገምታል። ሕጉ ሲረቀቅ መፀነስና ማርገዝ አንድ ነገር ነበሩ፤ ግምቱም ለዚያ ዘመን አስተዋይ ግምት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ በፈረሰ በሦስት መቶ ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጥራል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

አሁን በናይትሮጅን የተቀመጠውን ሽል አስገቡበት። ባል በድንበር ግጭት፣ በመኪና አደጋ ወይም በሕመም ሞተ እንበል። ሽሉ ከሞተ በሁለተኛው ዓመት ለሚስቱ ቢመለስና ልጅ ቢወለድ፣ በሕጉ ግምት የተፀነሰው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። ማስረጃው የተፀነሰው አባቱ በሕይወት ሳለ በቤተ ሙከራ እንደሆነ ያሳያል። የወንድሙ ወገኖች የሰሊጥ መሬቱን ቢከራከሩ ፍርድ ቤቱ የትኛውን ቀን ይቀበል? አዲስ የጤና ሕግ አገልግሎቱን ማን ማግኘት እንደሚችል ሊደነግግ ይችላል፤ የልጅነትና የውርስ ጥያቄው ግን በእነዚህ አንቀጾች ላይ ነው የሚያርፈው። በእስልምናም በኩል የአል አዝሃር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጡት ውሳኔ ከማህፀን ውጭ የሚደረግን ውሕደት የፈቀዱት በጸና ጋብቻ ውስጥ ባሉ ባልና ሚስት መካከል ነው፤ በሱኒ ሊቃውንት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ባለው አስተያየትም ሞት ጋብቻውን ስለሚያበቃ የተቀመጠው ሽል ከባል ሞት በኋላ አይመለስም። አብደራፊ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚኖሩባት ናትና ይህን የሚያማክር ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል።

ሌላ አገር ይህን ጥያቄ ሳያስብበት ሲቀር ምን እንደሚደርስ ለማየት አላባማን ማስታወስ ይበቃል። አንድ ታካሚ ወደ ማከማቻ ክፍል ገብቶ ሽሎችን አንሥቶ ጣለ፤ ባለትዳሮቹ ከሰሱ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የተቀመጠ ሽል በሕፃን ሞት ካሣ ሕግ እንደ ልጅ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ። በቀናት ውስጥ ማዕከላት ሕክምናውን አቋረጡ፤ በመካከል ያሉ ሴቶች መርፌያቸውን ይዘው ቀሩ። ሕግ አውጪው በጥድፊያ የመከላከያ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት።

እስከ አሁን ያነሣሁት ሁሉ ሕክምናው ጋ ለሚደርሱት ነው። ከአብደራፊ የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸውን አልረሳሁትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን የመካንነት ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል፤ በ2025 መጨረሻም የመጀመሪያውን የመካንነት መመሪያ አውጥቷል። በአፍሪካ የሴቶች መካንነት በአብዛኛው ቱቦን ከሚዘጋ ኢንፌክሽን እንደሚመጣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ወቅታዊ ሠራተኛ በሚጎርፍበት፣ የወሲብ ንግድ በሚስፋፋበት ከተማ የዛሬው ያልታከመ ፈሳሽ ከአሥር ዓመት በኋላ የተዘጋ ቱቦ ሆኖ ይመጣል። በአባላዘር በሽታ የተያዘን ሰው ከጓደኛው ጋር ማከም በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ የመካንነት ሕክምና ነው። ይህን መናገሬ ሽል ማቆየትን ለማጣጣል አይደለም፤ ቱቦዋ ቀድሞ ለተዘጋባት ሴት «ቀድመሽ ብትታከሚ ኖሮ» ማለት ምንም አይጠቅማትም።

የመጨረሻው ነጥብ የክፍያና የመገናኛ ነው። ማስቀመጥ የአንድ ቀን ክፍያ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። በውጭ አገር ማዕከላት የዓመቱን ክፍያ ያልከፈሉና ሲጠሩ ያልተገኙ ባለትዳሮች ሽሎች የራስ ምታት ሆነዋል። በእኛ አገር «ሲጠሩ አልተገኙም» የሚለው ቃል ምን ሊሸፍን እንደሚችል አስቡት፦ ኔትወርክ መቋረጥ፣ መንገድ መዘጋት፣ ሰሊጡ ሳይሸጥ መቅረት፣ ከቀዬ መፈናቀል። ስለዚህ በስምምነት ቅጹ ላይ የሚጻፈው የጊዜ ገደብ ከባለትዳሮቹ ዝምታ ተነሥቶ ሽሉን ማስወገድ የሚፈቅድ መሆን የለበትም። ሁለተኛ የሚጠራ ሰው ስም፣ ባልና ሚስት ቢለያዩ ወይም አንዳቸው ቢሞቱ የሚደረገው፣ ክፍያ በጸጥታ ምክንያት ሲዘገይ የሚሰጠው የይቅርታ ጊዜ በቅጹ ላይ በአማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ብሎ ተነቦ፣ ባልና ሚስት ለየብቻ ተጠይቀው መፈረም አለባቸው። ለየብቻ ያልኩበት ምክንያት አለ። ልጅ ባለመውለዷ ከቤት ልትወጣ የምትችል ሴት ባሏ ባለበት «ይብቃኝ» ልትል አትችልም፤ የመካንነቱ ምክንያት እሱ ሆኖ ሳለ እንኳ።